ጦር፣ ወንጭፍና ውጅግራ በፈጠራ ዓለም፦ የመሣሪያ ጉልበት እንዴት ይገመታል?

ደብረ ብርሃን ላይ የማውቃቸው አራት ወጣቶች በስልክ የሚጫወቱት ጌም እየሠሩ ነው። የጌሙ ዓለም ፈጠራ ነው፤ ንጉሡም፣ ከተሞቹም፣ ዘመኑም በየትኛውም ዜና መዋዕል ውስጥ አይገኙም። ይሁን እንጂ ወጣቶቹ ያደጉበትን አገር መደበቅ አልቻሉምና ገደሉ ቁርጥ መንዝን፣ ጉሙ ቁርጥ ጣርማበርን፣ ቆላው ቁርጥ ሸዋ ሮቢትን ይመስላል። በዚያ ዓለም ገበሬው ጦርና ወንጭፍ ይይዛል፣ የንጉሡ ጭፍራ ውጅግራ ያነግታል፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ 400 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ጅብ መሰል፣ ስሙን ገና ያልተስማሙበት አውሬ ይኖራል። ያጣላቸው ግን የአውሬው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ጦር ሲወጋ ከተወጋው ስንት ነጥብ ይቀንስ? ውጅግራ ሲተኮስስ?

አንደኛው ወጣት የጥይቱን ጉልበት ለጦሩ ጉልበት አካፍሎ 22 የሚል ቁጥር አገኘና ውጅግራ ከጦር 22 እጥፍ መጉዳት አለበት አለ። ሌላኛው ደግሞ አውሬው በጌሙ መክፈቻ ላይ ከ30 ሜትር ገደል ወድቆ አቧራውን አራግፎ ስለሚነሣ፣ ጦርም ሆነ ጥይት ሊበሳው አይገባም ሲል ተከራከረ። ዕድሜዬን ፊዚክስ በማስተማር ያሳለፍኩ በመሆኔ ዳኝነቱ ወደ እኔ መጣ። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም አንድ ነው። ጉልበቱን ቆጥረው፣ ጉልበቱ የሚያርፍበትን ስፋት ረስተዋል።

ከጉልበቱ እንጀምር። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የእንቅስቃሴ ጉልበት አለው፤ መለኪያውም ጁል ይባላል። ፍጥነቱን በሰከንድ በሜትር ወስደን በራሱ እናባዛለን፣ ያንን በኪሎ ግራም በተለካው ክብደት እናባዛለን፣ ውጤቱን ለሁለት እናካፍላለን። አንድ ኪሎ የምትመዝን ጦር ከጎልማሳ ክንድ በሰከንድ 15 ሜትር ብትወረወር 112 ጁል ያህል ትይዛለች። የዓለም ምርጥ የጦር ውርወራ አትሌቶች 800 ግራም የምትመዝነውን የውድድር ጦር በሰከንድ 30 ሜትር አካባቢ ስለሚለቁ 360 ጁል ይደርሳሉ፤ ይህ እንግዲህ የሰው ክንድ ጣሪያ ነው፣ በጌሙ ውስጥ ያለ ተራ ገበሬ ሊደርስበት አይገባም። ውጅግራ፣ ማለትም ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡትና በእነሱ አጠራር «ፉዚ ግራ» የሚባለው ጠመንጃ፣ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ስለሚተፋ ከአፈሙዙ ሲወጣ 2,500 ጁል ገደማ ይዟል። ክላሽንኮቭ በ8 ግራም ጥይትና በሰከንድ 715 ሜትር ፍጥነት 2,000 ጁል ይሆናል። የተለመደው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ 500 ጁል ያህል ነው።

እዚህ ላይ ማንም ልብ የሚል አንባቢ ግራ ሊገባው ይገባል። የድሮው ውጅግራ ከክላሽ የበለጠ ጉልበት አለው እንዴ? አዎን፣ ከአፈሙዙ ሲወጣ አለው። እንዲያውም ከውጅግራም ወደ ኋላ ሄደን፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሳሉ በ1841 እ.ኤ.አ. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ በገጸ በረከትነት ካቀረባቸው መሣሪያዎች ዘመን ያለውን፣ በአፈሙዙ ባሩድና ድቡልቡል እርሳስ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ብንወስድ፣ ያ ድቡልቡል እርሳስ 31 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ፍጥነቱም ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ ነው። ሒሳቡ ከ3,000 ጁል በላይ ይመጣል። በጁል ብቻ የምንፈርድ ከሆነ የአያት ቅድመ አያቶቻችን ነፍጥ ከክላሽ አንድ ጊዜ ተኩል ይበልጣል ማለት ነው፤ በዚህ ፍርድ የሚስማማ ተኳሽ ግን አላገኝም።

የባሰም አለ። አንድ ኩንታል ገብስ ከመኪና ላይ አንድ ሜትር ቁልቁል ቢወድቅ መሬት ሲደርስ 980 ጁል ይሆናል፤ ይህም ከሽጉጥ ጥይት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ኩንታሉ እግሩ ላይ የወደቀበት ተሸካሚ ይሰበር ይሆናል፣ ነገር ግን ኩንታል በሰው ደረት ውስጥ አልፎ በጀርባ ሲወጣ ማን አየ?

መልሱን ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ወስፌ በሁለት ጣት ግፊት ብቻ የጠበቀውን አክርማ ዘልቆ ይገባል፤ በዚያው ግፊት ማንኪያ ብንጫን አክርማው ንቅንቅ አይልም። ጣቱ አንድ ነው፣ የተለየው ጫፉ ነው። ስለዚህ ለመብሳት የሚጠቅመን ቁጥር ጁሉ ራሱ ሳይሆን፣ ጁሉ መሣሪያው ለሚገባበት ስፋት ተካፍሎ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚደርሰው ድርሻ ነው። መብሳት በዚህ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የጫፉ ስለት፣ የብረቱ ጥንካሬ፣ የእርሳሱ መጠፍጠፍም ድርሻ አላቸው። ለጌም የሚበቃ ግምት ለማግኘት ግን ይህ አንድ ክፍፍል ከሌላው ሁሉ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

እስቲ እንየው። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥይት ስላለው የሚገባበት ስፋት 95 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 2,500 ጁሉ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 27 ጁል ገደማ ይደርሳል። የክላሽ ጥይት ቀጭን ስለሆነ 42 ይደርሰዋል። የጥንቱ ነፍጥ ድቡልቡል እርሳስ ግን 17 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚያህል ወፍራም በመሆኑ ያ ሁሉ ጉልበቱ ተበትኖ 13 ብቻ ይቀርለታል። ሽጉጡ 8 ነው። ተኳሾች በልምድ የሚያውቁት ቅደም ተከተል ወደ ቦታው ተመለሰ። ጦርን ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና በመሐሉ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅጠል መሰል ብረት አለው ብለን ብንይዝ የሚገባበት ስፋት 100 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ድርሻው 1.1 ጁል ነው።

አሁን ወደ አውሬው እንሂድ። 400 ኪሎ የሚመዝን አካል ከ30 ሜትር ሲወድቅ 118,000 ጁል ያህል ይሆናል፤ ይህ የ46 የውጅግራ ጥይት ጉልበት ነውና ወጣቱ መደነቁ አያስገርምም። ነገር ግን አውሬው በጎኑ ተዘርግቶ ሲወድቅ ጉልበቱ ቢያንስ በአንድ ካሬ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ሚሊዮን ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ይከፋፈላል። ድርሻው 0.12 ጁል ነው። ተራዋ የገበሬ ጦር ከዚህ 9 እጥፍ፣ ውጅግራው ደግሞ ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። እንግዲህ ከገደል ወድቆ መነሣቱ ስለ አጥንቱና ስለ ሆድ ዕቃው ጽናት ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ቆዳው ግን ምንም አይነግረንም። ከገደል ወድቆ የተረፈ አውሬ በጦር ሊሞት ይችላል፤ በዚህ ውስጥ ምንም የሚጋጭ ነገር የለም። በፈጠራ ዓለማት ላይ ከሚነሡ ክርክሮች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል። አንድ ገጸ ባሕርይ ግድግዳ ደርምሶ ወጣ ይባላል፣ ከዚያ ግድግዳውን ለመደርመስ ያስፈለገው ጉልበት ይሰላል፣ ከዚያ ቢላዋ እንደማይቆርጠው ይደመደማል።

የወንጭፉን ቁጥር ከመጽሐፍ ከመውሰድ ራሳችን እንለካው ብለን አንድ ቅዳሜ ወደ መንዝ ወጣን። በዚያ አገር ጭላዳ ከገደሉ ወጥቶ ገብስ ስለሚያወድም ወንጭፍ የልጆች መጫወቻ ሳይሆን የእርሻ መሣሪያ ነው። አንድ 12 ዓመት ገደማ የሚሆነው እረኛ አገኘንና 35 ሜትር ርቆ ወደቆመ ቆርቆሮ እንዲወረውር ለመንነው። ድንጋዮቹን አስቀድመን በሱቅ ሚዛን መዝነን 70 ግራም አካባቢ የሆኑትን ለይተናል። ልጁ ወንጭፉን ከራሱ በላይ ሁለት ጊዜ ብቻ አዞረና ለቀቀው፤ ገመዱ እንደ ጅራፍ ጮኸ፣ ትንሽ ቆይቶ ቆርቆሮው ተንኳኳ። መጀመሪያ ጊዜውን የለካነው በጆሯችን ሲሆን ይህ ስሕተት ነበር፤ የቆርቆሮው ድምፅ ራሱ 35 ሜትር ተመልሶ እኛ ዘንድ ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጃልና። ሁለተኛ አንዱን ወጣት በስልኩ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አቆምነው። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ይቀርጻል፤ ድንጋዩ ከገመዱ ወጥቶ ቆርቆሮውን እስኪመታ 35 ምስል ቆጠርን። በሰከንድ 30 ሜትር ማለት ነው፤ ጉልበቱም 31 ጁል ተኩል። ድንጋዩ 3.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ድቡልቡል ስለሆነ በካሬ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው 0.03 ጁል ብቻ ነው፤ ቆዳ አይበሳም፣ ቅል ግን ሊሰብር ይችላል።

ከቁጥሩ ይልቅ የረዳን ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ከ10 ውርወራ 6ቱን መታ። እኛ አምስታችን ተራ በተራ 20 ጊዜ ወርውረን አንድም አልመታንም፤ የእኔ ሦስተኛ ድንጋይ እንዲያውም ወደ ኋላ ሄዳ ቪዲዮ ቀራጩን ልትመታው ምንም አልቀራት። ልጁ ሳቁን አፍኖ «ጋሼ፣ ገመዱን እኮ ቶሎ ለቀቁት» አለኝ። ወንጭፉ ያው ነው፣ ድንጋዩ ያው ነው። ስለዚህ በጌሙ ውስጥ የወንጭፍ ቁጥር በወንጭፉ ላይ ሳይሆን በያዘው ሰው ላይ መጻፍ አለበት፤ ቃታ ስቦ መተኮስ ግን የዚህን ያህል ዓመት አይጠይቅም። ጠመንጃ ጦረኛውን ከዓለም ያወጣው ጦር ስለማይገድል አይደለም፤ ጦር መወርወርን ለማወቅ ልጅነትን የሚጠይቀው ሥራ ጠመንጃ ጋ በጥቂት ሳምንታት ስለሚያልቅ ነው።

ጦር ስለማይገድል አይደለም ያልኩትን ላብራራው፣ ምክንያቱም የ22 እጥፉ ሒሳብ የሚወድቀው እዚህም ነው። መብሳትና ማቁሰል ሁለት ነገሮች ናቸው። በደረቱ ላይ ምንም መከላከያ የሌለው ሰው 1.1 ጁል በካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ሲያርፍበት ይበሳል፣ 42 ሲያርፍበትም ይበሳል፤ ከተበሳ በኋላ ያለው ትርፍ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ጥይቱ በወዲያኛው በኩል ይዞት ይወጣል። የጦሩ ብረት የሚከፍተው ቁስል ግን 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ ባልታጠቀ ገላ ላይ ለጦርና ለውጅግራ ተቀራራቢ የቁስል ነጥብ ብሰጥ አላፍርም። ልዩነቱ የሚገለጠው በመካከል አንድ ነገር ሲገባ ነው፤ የጎሽ ቆዳ ጋሻ የወንጭፍ ድንጋይን ያስቀራል፣ የተወረወረ ጦርን ያዳልጣል ወይም ያዳክማል፣ ጥይትን ግን አይመልስም።

በነገራችን ላይ ጥይት የመታው ሰው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ በመስኮት ሲወጣ የሚያሳየውን ነገር ከጌሙ እንዲያወጡት ለምኛቸዋለሁ። የውጅግራ ጥይት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰውን ሙሉ በሙሉ ገፍቶ ቢያንቀሳቅሰው እንኳ የሚሰጠው ፍጥነት በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሕፃን ከሚድህበት ይዘገያል። ሰደፉም የተኳሹን ትከሻ የሚመታው ከዚያ በማይተናነስ ግፊት ነው፤ የተመታው የሚበር ከሆነ የተኮሰውም መብረር ነበረበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርሰው ነፍጥ በሠለጠነ እጅ በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይተኮሳል። ጦረኛ 100 ሜትር ሜዳ በሰከንድ 6 ሜትር እየሮጠ ቢያቋርጥ 17 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ ባለ ነፍጡ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፣ ቢስት ሁለተኛውን ሳያጎርስ ጦሩ ይደርስበታል፤ የዚያ ዘመን ነፍጥ በዚያ ርቀት ላይ ደግሞ መሳት ልማዱ ነው። ውጅግራም ቢሆን አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው፤ ይሁንና ቀለሃው በኋላ በኩል ስለሚገባ በየ6 ሰከንዱ አንድ ጥይት ለመተኮስ ብዙ አያስቸግርም፤ በዚያው 17 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። ከአንድ ወደ ሦስት ማለፍ ትንሽ ይመስላል፤ ጦረኛው ሜዳውን አቋርጦ መድረሱንና አለመድረሱን የሚወስነው ግን ይኸው ነው። ወጣቶቹ ዓለማቸውን በየትኛው ዘመን እንደሚያቆሙት ያልወሰኑት ለዚህ ነበርና፣ ጦር ያላቸው ገበሬዎች ዋጋ እንዲኖራቸው ከፈለጉ ውጅግራውን ለጥቂት ጭፍራ ብቻ ሰጥተው ለሌላው በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ነፍጥ እንዲያስታጥቁ መከርኳቸው።

መልክዓ ምድሩም ይገባበታል። በጣርማበር መንገድ በክረምት ያለፈ ሰው ከፊቱ ያለውን መኪና የኋላ መብራት ብቻ እያየ መንዳት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጉሙ 20 ሜትር ብቻ ሲያሳይ ጠመንጃ ከርቀት ያገኘው ብልጫ ሁሉ ይጠፋል፣ በድንጋይ ብልጭታ የሚነድ ባሩድም ይርሳል፤ ጦር ግን አይረጥብም። በተቃራኒው ደጋው ለጥይት ይመቻል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጥይትን የሚያዘገየው ደግሞ አየር ነው። ድቡልቡሉ እርሳስ በዝቅተኛ አገር 100 ሜትር ሲጓዝ ጉልበቱን በግማሽ ያህል ያጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያጣው ከዚያ ያንሳል፣ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሲተኮስ ደግሞ ከደጋው ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ይህን በጌሙ ውስጥ ማስገባት ግዴታ አይደለም፤ እኔ ግን አስገቡት ብያለሁ፣ ደስ ይላል።

የመጨረሻው ሥራ ቁጥሩን ወደ ነጥብ መለወጥ ነው። ከ0.03 እስከ 42 ያለውን እንዳለ ብንወስደው ክላሽ ከወንጭፍ 1,400 እጥፍ ይሆንና ጌሙ አይጫወቱትም። ስለዚህ ቁጥሩ እጥፍ በሆነ ቁጥር አንድ ነጥብ ብቻ እንዲጨምር አደረግን። ወንጭፍን ዜሮ ብለን ብንነሣ ከገደል መውደቅ 2፣ ጦር 5፣ ሽጉጥ 8፣ የጥንቱ ነፍጥ በቅርብ 9፣ ውጅግራና ክላሽ ሁለቱም 10 ይሆናሉ። ነፍጡ 100 ሜትር ርቆ ግማሽ ጉልበቱን ሲያጣ በቀላሉ ወደ 8 ይወርዳል። ይህ የመብሳት ነጥብ ነው፤ የቁስሉ ነጥብ ለብቻው ይያዛል፣ የሚቆጠረውም መሣሪያው ቆዳውን ከበሳ ብቻ ነው። ለአውሬው ቆዳ 2 ተኩል የሆነ ነገር ብንሰጠው ገደሉን ይቋቋማል፣ በጦርም ይሞታል፤ 6 ብንሰጠው ገበሬው ሁሉ ሸሽቶ የንጉሡን ጭፍራ ይጠብቃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ፊዚክስ አይፈርድም፣ የሚፈርደው ታሪኩ ነው። እነሱም ተማክረው 4 አሉ፤ ጦር በጭንቅ ይገባል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ያስፈልጋል።

ዜሮ ያገኘው ወንጭፍ ይሰረዝ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። መንዝ ላይ ያየነውን አስታወስኳቸው፤ ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር አንድም ጭላዳ አልገደለም፣ ገብሱን ግን አንድም ጭላዳ አልነካውም። በጌሙ ውስጥ አሁን የወንጭፍ ድንጋይ ከአውሬው አንድም ነጥብ አይቀንስም፤ ፊቱን ግን ወደ ወርዋሪው ያዞረዋል፣ ባለ ጦሩም የሚገባው ያን ጊዜ ነው።